የፈርሂያ ጀርባ

የካቲት 9፣ 2006፣ መካነ ሰላም

ዛሬ ሙሐሲን ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። አይሱዙውን በር ላይ አቁሞ በዘበኛው አስጠራኝ። ዐሥረኛ ሐ ክፍል እያስተማርኩ ነበር። እኅቱ ፈርሂያ የሞተች መስሎኝ ጠመኔውን እንደያዝኩ ወጣሁ።

«ደኅና ናት፣ አብሽሪ» አለኝ ገና ፊቴን ሲያይ። «አንድ ነገር እንድታነቢልን ነው።»

ስልኩን ሰጠኝ። ዱባይ ያለው የአጎታቸው ልጅ አሕመድኑር የላከው ነው። ጀርባቸው ተሰብሮ እግራቸው የማይታዘዝላቸውን ሰዎች በስቴም ሴል የሚያድን ክሊኒክ እዚያው ዱባይ ተገኘ ይላል። በተሽከርካሪ ወንበር የነበረ ሰውዬ ቆሞ ሲሄድ የሚያሳይ ፎቶ አለበት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ሙሐሲን ከስምንተኛ ነው ያቋረጠው። ፈርሂያ ከእኔ ጋር እስከ ዐሥረኛ ተምራ ሪያድ ሄደች፤ ዐረብኛውን ስትለምድ እንግሊዝኛው ጠፋባት።

«የባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሽ? እውነት ይሁን ውሸት አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ? በመጽሐፋችን ስለ ስቴም ሴል ያለው አንድ አንቀጽ ነው። ያንኑ ባለፈው ሳምንት አስተምሬዋለሁ። «ገና ሥራውን ያልለየ ሴል» ስላቸው አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ተመርቆ ሥራ ያጣ ማለት ነው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። «አይደለም፣ ገና ያልተመደበ» አልኩት።

ነገ እመጣለሁ አልኩት። ስልኩን ስመልስለት እጄ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተኝ። እስካሁን ይሸታል።

የካቲት 10

ፈርሂያ ጋ ዋልኩ።

ከመጣች ወዲህ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፣ ግን ባየኋት ቁጥር አዲስ ነገር እማራለሁ። ኅዳር ላይ ሰው ሁሉ ከሳዑዲ እየተጠረዘ ሲመለስ እሷ በቃሬዛ ነው የወረደችው። የአሠሪዎቿን መስኮት ስትወለውል ከሁለተኛ ፎቅ ወድቃ። ከወገቧ በታች አይሰማትም፣ አይንቀሳቀስም። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። እሷ ግን ሙሐሲንን ከአልጋዋ በላይ ጣሪያው ማገር ላይ ገመድ አሳስራዋለች፤ በሱ እየተሳበች ትቀመጣለች። ቆዳዋ እንዳይቆስል ራዲዮ ዜና ባነበበ ቁጥር ትገለበጣለች። ተረከዟንና ጀርባዋን በትንሽ መስታወት ትመረምራለች፣ ልክ የሽሮ እህል እንደሚለቅም ሰው በጥንቃቄ። ደሴ ሐኪም ቤት ያያት ነርስ «ይህን ማን አስተማረሽ?» ብሏት ነበር። ሪያድ ሆስፒታል ከጎኗ የተኛች ሱዳናዊት ናት ያስተማረቻት።

እናቷ እትዬ ፈንታዬ በሩ ሥር ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አላህ በአንቺ አፍ ይናገር» አሉኝ። ምነው ባላሉኝ።

ለክሊኒኩ ፈርሂያ ያሠራችው ቤት ይሸጣል። ሁሉም ነገር በቅድሚያ ይከፈል ይላል።

የካቲት 14

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል። ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ያገኘሁት፦ ክሊኒኩ ስኳርንም፣ ዓይንንም፣ ጀርባንም በአንድ ዓይነት መርፌ አድናለሁ ይላል። ሴሉ ከምን እንደሚወሰድ አይናገርም። የአንድ ሐኪም ስም እንኳ የለም።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

የካቲት 21

አልነገርኳቸውም። በደንብ ላጣራ ብዬ ነው። ፈተና እርማትም አለብኝ።

የካቲት 24

ዛሬም ሄድኩ፣ ዛሬም ሳልነግራቸው መጣሁ። እትዬ ፈንታዬ ለጾሜ ብለው ሽንብራ አስቆሉልኝ። ሙሐሲን ከደሴ ገብቶ ነበር። ለፈርሂያ የአየር ፍራሽ አምጥቶላት አፉን ቫልቩ ላይ አድርጎ ሲነፋ ጉንጩ ተነፍቶ ሦስታችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ «ክሊኒክ ስንሄድ እኔም እዚያው እቀራለሁ፤ አሕመድኑር ሥራ አለ ብሎኛል» አለ።

ደኅና ነው። ሹፌር የትም ይሠራል።

የካቲት 25

ነገርኳቸው። ውሸት ነው አልኳቸው፤ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ።

ትናንት ሙሐሲን እንዲያ ባይል ኖሮ ዛሬ እነግራቸው ነበር? እነግራቸው ነበር። እነግራቸው ነበር።

ሙሐሲን ተነሥቶ ቆመ። «አንቺ ያየሽው ኮምፒውተር ነው፤ እኔ የማየው እኅቴን ነው» ብሎኝ ወጣ። እትዬ ፈንታዬ ወደ ዱዓቸው ተመለሱ። ፈርሂያ ብቻ «ቆይ፣ ሁሉም ነው ውሸት? ስቴም ሴል የሚባለው ራሱ የለም?» አለችኝ።

አለ። እንዳለስ አውቃለሁ። ግን እኔ የማውቀው አንድ አንቀጽ ነው።

መጋቢት 6

የመምህራን ክፍል። በሩ ላይ ሳለሁ የሒሳቡ አስተማሪ በላይ ሲናገር ሰማሁት፦ «ንግሥቴ የምትጠይቀው በሽተኛዋን ነው ሹፌሩን?» ሁሉም ሳቁ። ስገባ ሁሉም ደብተር ማረም ጀመሩ። ምን የሚያስቅ ነገር እንዳለው አልገባኝም።

ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ፦ «የሰው አፍ አይያዝም፣ እኔን በለጡን ልጇን አልመከረችም እንዳይሉኝ።» የታመመ መጠየቅ ነውር ሆነ?

መጋቢት 13

ቤቱን የሚገዛ ሰው ተገኝቷል። ሙሐሲን አያናግረኝም። ገበያ ላይ አይቶኝ መንገድ ቀየረ።

ትምህርት ቤታችን የሚኮራበት አለምነው የሚባል አለ። የወግዲ ገበሬ ልጅ ነው፤ እዚሁ ተምሮ፣ አሁን አውሮፓ ውስጥ የተጎዳ ነርቭን በስቴም ሴል ስለ መጠገን የሚመራመር ዶክተር። እንዴት እስከዛሬ ትዝ አላለኝም! ርእሰ መምህሩ ኢሜይሉን ሰጡኝ። ጻፍኩለት። አባቱ ስለታመሙ ለፋሲካ እንደሚመጣ መለሰልኝ።

ፈርሂያ ይህን ስትሰማ ወንድሟን አስጠርታ «ቤቱ በስሜ ነው። ሰውዬውን ሳልሰማ አልፈርምም» አለችው። ጮኸ። እሷ አልጮኸችም። ራዲዮው ዜና ጀመረ፣ ገመዷን ይዛ ተገለበጠች።

ሚያዝያ 16

ብዙ ልጽፍ ነው። ዛሬ ያየሁትን እንዳልረሳ።

አለምነው ጠዋት ከወግዲ በሚኒባስ መጣ። ላፕቶፑን ከአቧራው በፌስታል ጠቅልሎ። የለበሰው ሹራብ ክርኑ ላይ ተጥፏል። እኔ ሱፍ የለበሰ ሰው ነበር የጠበቅሁት። ጫማውን በር ላይ አውልቆ እትዬ ፈንታዬን ጉልበታቸውን ሊስም ጎነበሰ፤ እሳቸው ቀድመው ግንባሩን ሳሙት። ሙሐሲን ጥግ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

መጀመሪያ ፈርሂያን «ምን ያህል እንደሚሰማሽ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ትፈቅጂያለሽ?» አላት። ከፈቀደች በኋላ ጥጥና መርፌ ለእኔ ሰጠኝና ሙሐሲንን ይዞ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እኔ ከደረቷ ጀምሬ ወደ ታች በጥጡ እነካለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና «አዎ፣ አዎ» ትላለች፣ እሱ ጀርባውን እንደሰጠን ይጽፋል። ከእምብርቷ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ዝም አለች። መርፌውን ሞከርኩ። ዝም። እዚያ ያበቃል። ይህን ያህል ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ ድንበሩን አላውቀውም ነበር።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፈተ። በማይክሮስኮፕ የተነሣ ፊልም ነው። ጥቁር ላይ የበቀለ ነጭ ክር። ከስቴም ሴል የተገኘ የነርቭ ሴል ነው፤ ክሩ ሲያድግ ያሳያል። ጫፉ ላይ እንደ መዳፍ ያለ ነገር ይዘረጋል፣ ይዳብሳል፣ ያፈገፍጋል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ይዘረጋል። ሕይወቴን ሙሉ የነርቭ ሴል ሰሌዳ ላይ ስሥል ኖሬያለሁ። ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አፈርኩ።

«ሱብሃነላህ» አለች ፈርሂያ። «ዓይን የለውም እኮ።»

«የለውም» አለ አለምነው።

«ታዲያ ማን ነው መንገዱን የሚያሳየው?»

«ግማሹን እናውቃለን። ግማሹን ገና እየፈለግን ነው።»

እንዲህ ሲል ምንም አላፈረም። እኔ ተማሪ ሲጠይቀኝ የማላውቀውን «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ» እያልኩ ነው የማልፈው።

በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ አንዴ ከተጎዳ ራሱን እንደማይጠግን አስረዳን። አንዳንዱ ክር ተበጥሷል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳይበጠስ ልባሱ ብቻ ተልጧል። ስቴም ሴሉ እዚያ ቢተከል ምናልባት የተላጠውን ያለብሰዋል፣ ምናልባት አዲስ ነርቭ ይሆናል። ሙሐሲን ከጥጉ መጣ። «እንደ መኪና ሽቦ» አለ። «ልባሱ ከተላጠ ሽቦው ሳይቆረጥም መብራቱ ይጠፋል።»

«እንደሱ ነው» አለ አለምነው፣ ደስ ብሎት።

«ታዲያ ያ ክሊኒክ ይኸንኑ አደርጋለሁ ነው የሚለው!»

አለምነው አልተቆጣም። «በስንት ሰው ላይ ሞከሩ? ስንቱ አልተሳካለትም?»

«ይህ አልተጻፈም።»

«ወንድሜ፣ ያልዳነለት በሽተኛ የሌለው ሐኪም አላውቅም። የሚደብቅ ግን አውቃለሁ።»

ሙሐሲን ቁጭ አለ። ስልኩን አውጥቶ ያንን ቆሞ የሄደውን ሰውዬ ፎቶ አየ። ያን ያህል ተስፋ አድርጎ እንደነበር ዛሬ ገባኝ። ቁጣው ሁሉ ተስፋ ነበር።

ፈርሂያ ግን ጥያቄዋን አላቆመችም። አንተ በምን ላይ ነው የምትሞክረው? በአይጥ። ተራመዱ? አንዳንዶቹ እግራቸውን አንቀሳቀሱ፣ አንዳንዶቹ ምንም። ከዚያስ? አለምነው ላፕቶፑን ዘጋ። «ከዚያ ውስጣቸው ምን እንደሆነ ለማየት እንገድላቸዋለን።»

«አላህ ይዘንላቸው» አለች። እሱም አንገቱን ደፋ።

ሰውስ? ሰው ላይ የሞከረ የለም? ይህን ሊመልስ አልፈለገም፤ ጎትታ ነው ያወጣችው። እሱ ራሱ ሐኪም አይደለም፤ ሥራው ላቦራቶሪ ነው። እነሱ አጠገብ ባለ ሆስፒታል ግን የመጀመሪያው ጥናት ተጀምሯል። ከወደቁ ዓመት ያልሞላቸውን ሰዎች ከሌላ አገርም ይቀበላሉ። ወጪው የጥናቱ ነው፤ ከበሽተኛ ምንም አይወስዱም። ግን የሚያጠኑት መድኃኒቱ ያድናል ወይ ብለው ሳይሆን ይጎዳል ወይ ብለው ነው።

«እኔ ግቢ አልልሽም» አላት። «ያገርሽ ልጅ ስለሆንኩ እምቢ ለማለት ትቸገሪያለሽ። ካሰብሽበት ራስሽ ለሆስፒታሉ ጻፊ። ካልጻፍሽም እኔ አልጠይቅሽም።»

እትዬ ፈንታዬ ምሳ ሳይበላ አይሄድም አሉ። በላ። አባቱ ጋ ለመመለስ ሳይመሽ መኪና መያዝ ነበረበት፤ ሙሐሲን በአይሱዙው ወግዲ ድረስ አደረሰው።

ሚያዝያ 20

ቤቱ አልተሸጠም።

ሙሐሲን በር ላይ ጠብቆኝ «ይቅር በይኝ፣ ክፉ ተናገርኩሽ» አለኝ። ምንም አይደል አልኩት። ቶሎ ገባሁ፤ የምሠራው ነበረኝ። ምን እንደነበረ አሁን አላስታውሰውም።

ሚያዝያ 27

ፈርሂያ ልጻፍ አለች። እሷ በአማርኛ ትላለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። «ጎበዝ ነኝ በይ» አለችኝ። «እንዲህ አይጻፍም» ስላት «ለምን? ገመዴን አይተውት አያውቁም» አለች። ጻፍኩት።

ጨርሰን ሳለ ድንገት፦ «ንግሥቴ፣ ክሊኒኩ ውሸት ነው ያልሽው ውሸት ስለሆነ ነው?»

«አዎ!»

«ሌላ ምክንያት ቢኖርሽም አልቀየምሽም ለማለት ነው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። አልጋ መያዝ ሲበዛ ሰውን ነገር ያስፈትለዋል።

ግንቦት 15

አዲስ አበባ ወስደው ጀርባዋን በማሽን አስነሥተው መጡ። ፎቶው ተልኳል። ጥበቃ።

ሰኔ 2

ተቀበሏት!

ሠፈሩ እልል አለ። እትዬ ፈንታዬ የዳነች መስሏቸው ነው። ከሚመጣው ሰው ጋር ሁሉ አብረው ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። እኔ ግን ዛሬ የመጣውን የስምምነት ወረቀት ይዤ ነው የመጣሁት። ሳይነበብ አትፈርምም ተብሏል። አንባቢዋ እኔ ነኝ።

ደግሞ አንድ አስታማሚ አብሯት ይሂድ ይላል። ሙሐሲን ነው እንግዲህ። ሌላ ማን አለ።

ሰኔ 4

አነበብኩላቸው። እየተረጎምኩ፣ ቀስ እያልኩ። ጀርባሽ ይከፈታል። ሴሎቹ በመርፌ ይገባሉ። ሰውነትሽ እንዳይገፋቸው የምትውጪው መድኃኒት ለሌላ በሽታ ያጋልጥሻል። አሁን የሚሰማሽንም ልታጪ ትችያለሽ። ይጠቅምሻል ብለን ቃል አንገባም።

የመጨረሻዎቹን ሦስት አንቀጾች ደግሜ አነበብኳቸው። በደንብ እንዲገባት ብዬ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል ፈርሂያ ዓይኔን አየችኝ። «ሰምቻለሁ እኅቴ» አለች። ወረቀቱን አጠፍኩት። ፊቴ ነደደ።

እትዬ ፈንታዬ «ካላዳነሽ ታዲያ ምን ልሁን ብለሽ ነው?» አሉ።

«እማ፣ ያቺ ሱዳናዊት ከጎኔ ተኝታ የነበረች... እሷ ከአንገቷ ነው። ማንኪያ አትይዝም። እኔን በአፏ ብቻ አስተማረችኝ፤ ከእኔ ምን ታገኛለች? ምንም። ወንዝ ሲሞላ መሻገሪያውን የሚያውቁት አንዱ ቀድሞ ስለገባ አይደል? እኔ ዋና አልችልም፤ ግን ከነሱ ጋር ገመድ ይዤ ነው የምገባው።»

«ቢወስድሽስ?»

«ዱዓ አድርጊልኝ።»

እትዬ ፈንታዬ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀና ብለው «እሺ። ልጄ ነሽ» አሉ። ፈርሂያ ፈረመች። ፊርማዋ እንደ ዐሥረኛ ክፍሏ ነው፣ ጅራቱ ረጅም።

የትምህርት ማዕረግ ይኑረኝ እንጂ እንዲህ ያለ ልብ የለኝም። እናትና ልጁን ሁለቱንም አየኋቸው።

ሰኔ 14

ደሴ ድረስ ሸኘኋቸው። እሷን የሚደግፍ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሙሐሲን የጋቢናውን መቀመጫ ነቅሎ በፍራሽ አደላድሎታል። ከአቀስታ ወዲህ ጭቃው ያዘን። ሰዎች መጥተው ገፉ። ፈርሂያ ደረቴን ተደግፋ በመስኮት «ግፉ፣ እኔ መውረድ ባልችል ነው!» እያለች ታስቃቸዋለች።

ደሴ ላይ አቀፈችኝ። ሙሐሲን እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። «አሕመድኑር ዱባይ ሥራ ይዞልሃል?» አልኩት። «ይዞልኛል» አለ። ሌላ የተባባልነው የለም።

በአውቶቡስ ተመለስኩ። ዝናብ።

ሰኔ 24

ረመዳን ገብቷል። ለእትዬ ፈንታዬ ለማፍጠሪያቸው ቴምር ወሰድኩላቸው። ብቻቸውን ናቸው። ስልክ የለም።

ሐምሌ 3

ተከፍታለች። አለምነው በኢሜይል፦ «ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቋል፤ ሌላ የምለው የለኝም፤ እንድትጠብቁ አስተምሬ እኔ መጠበቅ አቃተኝ።» ደጋግሜ አነበብኩት። ለእትዬ ፈንታዬ «በሰላም አልቋል» ያለውን ብቻ ነገርኳቸው።

ሐምሌ 11

ትኩሳት ይዟታል። ከመድኃኒቱ ነው ይላሉ። የመድኃኒቱን አንቀጽ ሦስተኛ ጊዜ አንብቤላት ቢሆን ኖሮ? ግን ያኔ ለማን ብዬ ነው የማነበው? አላውቅም። እንቅልፍ የለም። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምንም ሳትናገር እግሬን ያዘችልኝ።

ሐምሌ 15

ትኩሳቱ ወረደ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጮህኩ፤ እናቴ «እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ረሳሽ?» ብላ ሳቀች።

ሐምሌ 21

ዒድ ነው። እትዬ ፈንታዬ ጋ ዋልኩ። ጎረቤቱ ክርስቲያኑም እስላሙም ሞልቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። ፈርሂያ ናት!

«ዒድ ሙባረክ!» ድምፇ ቀጥኗል፣ ግን የእሷው ነው። እናቷን አስቀደምን። ከዚያ እኔን ጠየቀች።

«ንግሥቴ፣ ዛሬ ነርሷ በጥጥ ስትነካኝ እምብርቴን አለፍኩ። ከእምብርቴ በታች አንድ ጣት። ቀዝቃዛ ነው የሚሰማኝ፣ እንደ ውኃ።»

እጄን እምብርቴ ላይ አደረግሁ።

«አትደሰቺ አሉኝ፤ ከሴሉ ይሁን ከሌላ ነገር አይታወቅም፣ ነገም ሊጠፋ ይችላል። እግሬ ያው ነው። አለምነው መጥቶ ይኸንኑ ደገመልኝ። ይኸን ሲለኝ ግን ዓይኑን ጠርጎ ነበር። በመዝገባቸው ሰፍሯል። አንድ ጣት፣ ንግሥቴ! ከእኔ በኋላ ለምትተኛዋ ሴት ይነግሯታል።»

በመጨረሻ ለሙሐሲን ሰጠችው። ዱባይ አሕመድኑር ጋ እንደማይሄድ ነገረኝ፤ ፈርሂያ እስክትጨርስ እዚያው ሆኖ አብሯት ይመጣል። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ። እትዬ ፈንታዬ ሒሳቡ ያልቃል እያሉ በእጃቸው ይጠቁሙኛል።

«ዝናቡ እንዴት ነው?» አለኝ።

ስለ ዝናቡ ነገርኩት። እዚህ ቦረና ወረዳችን ላይ እንዴት እንደጣለ፣ ጤፉ መዘራቱን፣ መንገዱ የት የት እንደተቆረጠ፣ ሁሉንም። ስልኩ እስኪዘጋ።